የሜትሩ ሌላ ጫፍ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ወንበር አልተሰጠኝም። የፍርድ አፈጻጸም ክፍሉ ኃላፊ አቶ ግርማ ከጠረጴዛቸው ሥር አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ጎትተው አወጡና «ቢሮህ ይኸውልህ» አሉኝ። ከረጢቱ ውስጥ ሃምሳ ሜትር የሚዘረጋ የጨርቅ ሜትር፣ መዶሻ፣ የባሕር ዛፍ ችካሎች፣ አንድ ጥቅል ሲባጎና አፉ የደረቀ የቀይ ቀለም ቆርቆሮ ነበር። እኔ ደግሞ ለመጀመሪያ ቀን ብዬ ነጭ ሸሚዝ ተኩሼ ነበር የመጣሁት። በማግስቱ ካኪ ለበስኩ።

ፍርድ ቤት ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ዳኛው ነው። ዳኛ ይፈርዳል። ፍርዱን ተሸክሞ ወደ ቤቱ፣ ወደ ማሳው፣ ወደ በረቱ የሚሄደው ግን የአፈጻጸም ሠራተኛ ነው። ዳኛው «የሟች ውርስ ለልጆቹ እኩል ይከፈል» ብሎ በአንድ መስመር ይጽፋል፤ ያንን መስመር እንሰት መሃል ማስመር የእኔ ሥራ ነበር። ወልቂጤ ጀምሬ፣ ቡታጅራ ተዛውሬ፣ ተመልሼ ወልቂጤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከዚህ ሌላ ሥራ አላውቅም። በእኛ አገር ደግሞ የውርስ ነገር አያልቅም። ልጆች አዲስ አበባ፣ ወልቂጤ፣ ጅማ ገብተው ይነግዳሉ፤ መሬቱ አገር ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። ወላጅ የሞተ ዕለት ሁሉም መሬቱ ትዝ ይለዋል።

በዚያው በመጀመሪያ ቀኔ አቶ ግርማ አስከትለውኝ ዋናው መንገድ ዳር ወዳለ ቤት ሄድን። ሁለት ወንድማማቾች ከአባታቸው የወረሱትን ሱቅና ቤት ሊካፈሉ ነበር። ታላቅየው በግራ በኩል ካለው በር ብቅ ብሎ «ግቡ እንጂ፣ ምሳ ቅመሱ» አለን። ልገባ ስል አቶ ግርማ ክንዴን ያዙኝ።

«ከአንዱ ቤት ከቀመስክ ከሌላውም ትቀምሳለህ። አለዚያ ከሁለቱም አትቀምስም» አሉኝ በሹክሹክታ።

እኔ ጅሉ መቅመሱን መረጥኩ። በአንዱ በር ገብቼ ቆጮ በአይብና በጎመን በላሁ። በሌላው በር ገብቼ ቆጮ በክትፎ በላሁ። የታናሽየው ሚስት ከታላቅየው ቤት እንዳታንስ ብላ ደጋግማ ጨመረችልኝ፤ እምቢ ብል ለዚያኛው ያደላሁ መሰለኝና ዋጥኩ። ከዚያ በኋላ ለመለካት ጎንበስ ማለት አቃተኝ። አቶ ግርማ ግድግዳ ተደግፈው ሲስቁ እንባቸው ይፈስ ነበር። ዛሬ በሕይወት የሉም። ባሰብኳቸው ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ ሳቃቸው ነው።

አለካክ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። የጨርቅ ሜትር ዝናብ ሲመታው ይለጠጣል፣ ስለዚህ ክረምት የለካኸውን በጋ ድገመው። እንሰት ውስጥ ስትገባ ቅጠሉን ቅደድ እንጂ ግንዱን አትንካ፤ ግንዱን የነካህ ቀን የቤቱ ሴት ጠላትህ ናት። ደግሞም ሜትር ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ የብረት ቀለበት ያለበትን መነሻ ጫፍ ይዞ ወሰኑ ላይ ይቆምና «ዜሮ!» ብሎ ይጮሃል። ሌላው ጥቅሉን እየዘረጋ ሄዶ፣ ወጥሮ፣ ቁጥሩን ያነባል።

«ማንበቡ ያንተ ነው» አሉኝ። «ዜሮውን ግን የአገሩ ሰው ይያዝ። አንተ ማታ ወልቂጤ ትገባለህ። ወሰኑ እዚያው ነው የሚያድረው።»

ቡታጅራ በሠራሁባቸው ዓመታት ዜሮ የሚይዝልኝ ሰው ቸግሮኝ አያውቅም። እንዲያውም ይጣሉበት ነበር። እንሴኖ አጠገብ የአንድ ሐጂ ልጆች የበርበሬ ማሳ ሊካፈሉ ሄጄ፣ «አሰላሙ ዓለይኩም» ብዬ ገና ሜትሩን ከከረጢት ሳወጣ ሦስቱም ወንድማማቾች ጫፉን ጨመደዱት።

«እሱ ከያዘ ይሰርቀኛል!»

«ወላሂ፣ ሌባውስ አንተ ነህ!»

በመጨረሻ ሦስቱም ባንድ ላይ ይያዙት አልኩ። ሦስት ጎረምሳ አንዲት የብረት ቀለበት ይዞ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ማሳ ጫፍ ላይ ቆመ። እናታቸው ከተሰጣው በርበሬ አጠገብ ተቀምጠው ያዩ ነበር። «አባታችሁ በሕይወት ሳለ እንዲህ ተባብራችሁ አንድ ቀን እንኳ አርማችሁለት ታውቃላችሁ?» አሉ። ያን ቀን ሥራው ቶሎ አለቀ።

እንዲህ ያለው ጠብ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ሲጮህ አይከፋም። የሚያስፈራው ዝም ሲል ነው፤ ይህን የተማርኩት ወደ ወልቂጤ ተመልሼ፣ ከጉብሬ ወረድ ብሎ ባለ አንድ መንደር ውስጥ ነው።

ባለጉዳዮቹ ሁለት ናቸው፤ አስካለና ወንድሟ ሽብሩ። ሌላ ወንድም እህት የላቸውም። አባታቸው ቀደም ብለው አርፈዋል። ሽብሩ ወልቂጤ የብረት በርና መስኮት የሚበይድበት ወርክሾፕ አለው፤ ሚስትና ልጆቹም እዚያው ናቸው። አስካለ ሌላ መንደር አግብታ ነበር፤ ትዳሩ ፈረሰና ተመለሰች። እናቷ አልጋ ላይ ሲወድቁ ያነሳች ያስተኛችው እሷ ናት። እናትየው ሲሞቱ ድርሻዬ በስሜ ይሁንልኝ አለች። ሽብሩ እምቢ አለ። ተካሰሱ። ፍርድ ቤቱ እኩል ተካፈሉ አለ፤ ሽብሩ ይግባኝ ብሎ እንደገና ተረታ። መዝገቡ ወደ እኔ መጣ።

ትእዛዙ በወረቀት ላይ ቀላል ነበር። መሬቱ ረዘም ያለ ነው። አናቱ ላይ ጀፎረው አለ፤ በመንደሩ መሃል የሚያልፈው ሰፊው የሣር መንገድ። ቤቱ ፊቱን ወደ ጀፎረው አዙሮ ከግንባሩ መሃል ቆሟል። ከቤቱ ኋላ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ በታች ግጦሹ እስከ ወንዙ ይወርዳል። ዳኛዋ ሁለቱም ጀፎረውን እንዲያገኙ ብለው መሬቱ በቁመቱ ይከፈል አሉ። ቤቱን በተመለከተ፣ ካልተስማሙ በሐራጅ ይሸጥና ገንዘቡን ይካፈሉ። በሐራጅ ከተሸጠ አስካለ የምትገዛበት አቅም የላትም። መሬት አግኝታ ቤት ልታጣ ነው ማለት ነው። ሌላ ቤት ደግሞ የላትም።

ከወልቂጤ ጉብሬ በሚኒባስ፣ ከጉብሬ ጥቂት በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ደረስኩ። አብሮኝ አንድ ፖሊስ ነበር። ቀድማ ያገኘችን አስካለ ናት፤ አጠር ያለች፣ ፈጣን፣ እያወራች የምትሠራ ሴት። ውሃ በጣሳ ይዛ መጣች።

«ይቅርታ እህቴ» አልኳት። «የሥራው ደንብ ነው። ከወንድምሽ ቤት ካልቀመስኩ ካንቺም አልቀምስም።»

ጣሳውን እንደያዘች አየችኝ። «የእሱም ቤት እኮ ይኸው ነው ጋሼ» አለች።

ተቀብዬ ጠጣሁ።

የመንደሩ ወንዶች ጀፎረው ላይ ሣሩን ይዘው ተቀምጠዋል። ሽብሩም ከእነሱ ጋር ነበር፤ እጁን አጣጥፎ ይመለከተኛል። መሃል ላይ የጎሳው ሽማግሌ ጋሽ ዘበርጋ ተቀምጠዋል። እኔ አፌን የፈታሁት በሌላው ጉራጊኛ፣ በክስታኔ ነው፤ የእነሱ ጉራጊኛ ሲፈጥን ያመልጠኛል። ጋሽ ዘበርጋ ይህን አውቀው በአማርኛ፣ ቀስ ብለው አነጋገሩኝ።

«የመንግሥት ሰው፣ እንኳን ደህና መጣህ። ለካ፤ ማን ይከለክልሃል? ተልከህ ነው የመጣኸው። ከእኛ ሰው ግን ያንን ገመድ የሚይዝልህ የለም። በቂጫው ሴት ልጅ የአባቷን መሬት አትካፈልም።»

ቂጫ ከአባት ከአያት የወረደው የአገሩ ሕግ ነው።

«አባባ፣ ፍርድ ቤት ወስኗል እኮ» አልኳቸው።

«ፍርድ ቤት ይወስን። ገመዱን የያዘ ሰው ግን ልቅሶ አንደርስለትም።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እኔም የዚህ አገር ሰው ነኝና ምን እንዳሉ ገባኝ። በእኛ ዘንድ ሰው ደግ ሆነም ክፉ ሆነ ሲሞት አገር ይደርስለታል። ያ ከቀረ ምን ቀረ? ለአምስት ሜትር መሬት ብሎ ልቅሶ አልባ የሚሆን ሰው ከየት ይመጣል?

ወደ ፖሊሱ ዞርኩ። «ጋሼ፣ የእኔ ትእዛዝ ጸጥታ ማስከበር ነው» አለኝ። ጥቂት አሰበና «ደግሞ ሚስቴ የዚህ መንደር ልጅ ናት» ብሎ ጨመረ።

ብቻዬን ሞከርኩ። የሜትሩን ቀለበት በብረት ቸንክሬ ዘረጋሁ። የእንሰት ማሳ በፋንድያ የሰባ ስለሆነ አፈሩ ገንፎ ነው፤ ወጠር ባደረግኩት ቁጥር ብረቱ ተነቅሎ እየተጎተተ ይከተለኛል። ተመልሼ እተክላለሁ፤ ሄጄ እወጥራለሁ፤ ተነቅሎ ይመጣል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ። ጀፎረው ላይ ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ከረጢቴን ቋጥሬ ስወጣ አስካለ በሩ ላይ ቆማ «ይመለሳሉ አይደል?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። «እመለሳለሁ» አልኳት፤ እንዴት እንደምመለስ ግን አላውቅም ነበር።

ዳኛዋ ነገሩን ሲሰሙ ተቆጡ። «ተጨማሪ ፖሊስ ይመደብ፤ ፖሊሶቹ ይያዙ» አሉ። አቶ ግርማ ከችሎቱ ስንወጣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ፖሊስ የያዘው ወሰን የፖሊስ ነው የሚሆነው። ፖሊሱ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። መስቀል እየደረሰ ነው፤ ሁሉም አገር ቤት ሲገባ ሂድ። ምናልባት አንድ ሰው ትዝ የሚለው ነገር ይኖራል።»

መጥሪያውን ለማድረስ ሽብሩ ወርክሾፕ ሄድኩ። የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አውጥቶ ፈረመልኝ። ያኔ ነው ደህና አድርጌ ያነጋገርኩት። ክፉ ሰው መስሎኝ ነበር የከረመው።

«እኔ አስካለን ውጪ ብያት አላውቅም» አለኝ። «ትኑር፣ ትብላ፣ ማን ከለከላት? በስሟ ይሁን ሲባል ነው እምቢ ያልኩት። ነገ ሌላ ብታገባስ? የአባቴ መሬት ለሰው ጎሳ ሊሆን ነው። ጎሳው ምን ይለኛል?»

«ፍርዱ ግን በስሟ ነው የሚለው።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ሁለቴ ተረትቻለሁ እኮ፤ አልረሳሁትም» አለና ሳቀ። ያ ሳቅ ብዙም ደስታ አልነበረበትም።

ለአስካለም መጥሪያዋን ሳደርስ ወንድሟ ያለውን ነገርኳት። የእንሰት ሥር፣ አሚቾ፣ ትልጥ ነበር፤ ቢላዋዋን አላቆመችም። «እናቴ ስትታመም የዚህ ቤት ልጅ ነበርኩ። ስትሞት የሰው አገር ሰው ሆንኩ። እሱን ይጠይቁልኝ፣ መቼ ነው የወጣሁት?» አለችኝ።

ለመለካት ለሁለተኛ ጊዜ የሄድኩት ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት ነበር። ይህን የሥራ ዘመኔን ሳስብ በጣም የሚናፍቀኝ ያ ወቅት ነው። መንገዱ በሚኒባስና በሻንጣ ይሞላል፤ ከየከተማው ነጋዴው፣ አስተማሪው፣ ባለሱቁ ሁሉ ይገባል። እኛ ጴንጤዎቹ እንኳ መስቀል ሲደርስ አገር ቤት አለመግባት አይሆንልንም፤ ፓስተሩም ይገባል። የአስካለና የሽብሩ ቤተሰብም ጴንጤ ነው። ሜዳው ቢጫ ነው፣ አየሩ ታጥቦ ጠርቷል፣ ከየደጁ የቅቤ ሽታ ይወጣል። እኔ ብቻ ነበርኩ መዶሻ ይዤ ወደ ሰው ቤት የምሄደው።

ጀፎረው ከበፊቱ ይልቅ ሰው በዝቶበታል። ጋሽ ዘበርጋ ከቦታቸው ናቸው። ሽብሩም እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ትእዛዙን ጮክ ብዬ አነበብኩ። «ዜሮ የሚይዝልኝ?» አልኩ። ዝም። እንደገና ጠየቅኩ። ዝም።

አስካለ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ መጣች። «አምጡ፣ እኔ እይዛለሁ» አለች።

«ባለጉዳይ ነሽ እህቴ፤ አንቺ የያዝሽው አይታመንልሽም።»

«ታዲያ ማን ቀረ?» አለችኝና ቀለበቱን ከእጄ ወሰደች። ሄዳ ከጀፎረው ጠርዝ ላይ፣ ወሰኑ ላይ ቆመች። ያ ሁሉ ወንድ እያያት ብቻዋን ቆመች። «ዜሮ!» ብላ ጮኸች።

ከተቀመጡት መካከል አንዱ፣ ከአዲስ አበባ ለመስቀል የገባ የጎሳው ሰው፣ ሳቀ። «ባሏ ያልያዛት ሴት ገመድ ያዘች!» አለ። ሌሎችም ሳቁ።

ሽብሩ እጁን ፈታ። «ምን አልክ?»

«ቀልዴን ነው ባክህ።»

«በማን ላይ ነው የቀለድከው? በእህቴ ላይ ነው?» ወደ ሰውዬው ሄደ። ጋሽ ዘበርጋ «ሽብሩ!» ብለው በትራቸውን ዘረጉ። እሱ ግን ቆሞ ወደ ሁሉም ዞረ። «ከእሷ ጋር የተካሰስኩት እኔ ነኝ። የተጣላሁት እኔ ነኝ። እናንተ ምን ቤት ናችሁ? ስትወለድ ነበራችሁ? እናቴን ስታነሳ ስታስተኛ ነበራችሁ? እኔ እንኳ አልነበርኩም!»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? ይህን ብሎ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣና የሜትሩን ጥቅል ከእጄ ነጠቀኝ።

«ጋሼ፣ የቱ ነው የሚነበበው? ቀዩ ነው ጥቁሩ?»

«ቀዩ ሜትሩ ነው» አልኩት።

እሱ ጥቅሉን፣ እሷ ዜሮውን ይዘው ጀመሩ። እኔ መሃል ለመሃል መዶሻና ችካል ይዤ ስሮጥ ዋልኩ። በመጀመሪያ አይተያዩም ነበር። ቆየት ብሎ ግን ሜትር ራሱ ያናግራል።

«ሳብ እንጂ፣ ላላ!» ትላለች።

«አንቺ ነሽ የረገብሽው! ወገብሽን ቀጥ አድርጊ!»

«ቀኝህን እይ፣ የእማዬን እንሰት ልትረግጠው ነው!»

«አየሁት፣ አየሁት!»

ሃያ ዓመት አብረው የሠሩ ቀያሾች ይመስሉ ነበር። ሁለቱም ሜትሩን የሚወጥሩት አንዱ በሌላው እንዳይሸወድ ነው፤ እንዲያ የተወጠረ ሜትር በሥራ ዘመኔ አላየሁም። የመሬቱን ወርድ ከላይም ከታችም ለካን፣ መሃሉን አገኘን፤ እኔም ከላይኛው መሃል እስከ ታችኛው መሃል ሲባጎ ልዘረጋ ተነሳሁ።

ሲባጎው ከጀፎረው ተነስቶ ቀጥ ብሎ በቤቱ በር ገባ። እንደዚያ እንደሚሆን ከወረቀቱ ላይ አውቅ ነበር። ዓይን ሲያየው ግን ሌላ ነው። የእኛ አገር ቤት ክብ ነው፤ ሸክሙን ሁሉ የተሸከመው መሃል ላይ የቆመው አንድ ምሰሶ ነው። ሽብሩ የሲባጎውን ጫፍ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አየ። ምሰሶው በሩ ትይዩ ይታያል፤ ሲባጎው ምሰሶው ላይ ነው የሚያርፈው። አስካለም የሜትሩን ቀለበት እንደያዘች ከኋላው ጀፎረው ጠርዝ ላይ ቆማለች። እኔ በበኩሌ እንዳልሰማው የምፈራውን ቃል እጠብቅ ነበር፤ «ሐራጅ» የሚለውን።

«ጋሼ» አለኝ። «ይህ ገመድ አይታጠፍም?»

«ማጠፍ ምን ማለት ነው?»

«ቤቱን ይዙረዋ። በእኔ በኩል ወጥቶ ቤቱን ዞሮ ወደ መስመሩ ይመለስ። ከእኔ የወሰደውን ከታች፣ ከግጦሹ ይመልስልኝ። ግማሼን ስንዝር አልለቅም። የአባቴን ምሰሶ የሚሰነጥቅ ገመድ ግን አልይዝም።»

ባለጉዳዮች ከተስማሙ ይቻላል። ከተስማሙ ሐራጅም አይኖርም። ወደ አስካለ ዞርኩ። «እህቴ፣ ቤቱ ወዳንቺ ይገባል። ከግጦሹ ግን ይጎድልብሻል። ትስማሚያለሽ?»

ራሷን በእሺታ ነቀነቀች፤ ቀለበቱን ግን አልለቀቀችም። ለሥራው እንዲህ ያለ ሰው ነበር የሚያስፈልገኝ።

ቤቱን ዞርን። የቤቱን ዙሪያ የወሰደውን ያህል ከግጦሹ ለሽብሩ ቆረጥኩለት። እሱም እንዳለው ስንዝር አልለቀቀም፤ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ችካሎቹን ሁለቱ እየተቀባበሉ መቱ፤ እሱ ይዞ እሷ ስትመታ ጣቱን ሳተችው፤ «ሆነ ብለሽ ነው!» ብሎ ጮኸ። ያኔ ነው የሳቀችው። እኔም ፊቴን አዙሬ ዓይኔን ጠረግኩ፤ ለምን እደብቃለሁ።

ቃለ ጉባኤው ተጽፎ ሁለቱ ሲፈርሙ ጋሽ ዘበርጋ ከተቀመጡበት ተነስተው መጡ። ታጥፎ የሄደውን ሲባጎ በበትራቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ምናልባት ለራሳቸውም ለጎሳውም መውጫ እየፈለጉ ይሆናል፤ ሰው ሰብስበው የተናገሩትን መዋጥ ለሽማግሌ ቀላል አይደለም።

«እንዲህ ከሆነማ ቂጫው አልተሻረም» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ፍርድ ቤት አልሰጣትም። ወንድሟ ነው የሰጣት። ወንድም ለእህቱ ቢሰጥ ነውር የለውም።»

ሕዝቡ እፎይ ያለ መሰለኝ። አንዳንዱ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ። ለሁሉም የሚመች ቃል ነበር። እኔም ልቤ ተቀበለው፤ ጠቡ ከቀረ ይህ ቢባል ምን አለበት አልኩ። አስካለ ግን ፊቷ ተለወጠ። ያን ሁሉ ዘመን የተሟገተችው እንዲሰጧት አልነበረም። አፏን ልትከፍት ስትል ሽብሩ ቀደማት። የተመታ ጣቱን እንደያዘ ነበር።

«አልሰጠኋትም አባባ» አለ። «የራሷ ነው።»

ጋሽ ዘበርጋ አዩት፤ ከዚያ እሷን አዩ። «ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ» አሉና በትራቸውን እያስቀደሙ ሄዱ።

ሽብሩ ልቅሶ ይቀርበት እንደሁ ብዬ ለረጅም ጊዜ ስሰጋ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ አማቱ ሲሞቱ ያ መንደር በሙሉ ወልቂጤ ገብቶ ደረሰለት። ጋሽ ዘበርጋ ከፊት ነበሩ። እኔም ሄጄ ነበር፤ አስካለ ከመጣው ሰው ሁሉ መሃል ወዲያ ወዲህ ስትል አይቻታለሁ። ከእሷ በኋላ ከዚያው መንደር ሁለት ሴቶች ድርሻቸውን ጠይቀው መጡ። ዜሮውን የሚይዝ ሰው ተገኘ።

አሁን የክፍሉ ልጆች ጂፒኤስ ይዘው ነው የሚወጡት። አንድ ሰው ብቻውን ማሳውን ዞሮ ይጨርሳል። ዝናብ አይለጥጠው፣ ቸንካር አይነቀልበት፤ ጥሩ ዕቃ ነው። አልፎ አልፎ ቢሮ ስሄድ ያሳዩኛል፤ እኔም ልክነቱን አደንቃለሁ። ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝ ሰው አለመፈለጉ ግን አይጥመኝም፤ ይህንንም እነግራቸዋለሁ፣ ሽማግሌ ነው ብለው ይስቃሉ።

ለእነሱ የምለው አጭር ነው። በፈለጋችሁት ዕቃ ለኩ። ችካሉን ግን ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ይምቱት። እኔ ብቻዬን የተከልኳቸው ወሰኖች ብዙዎቹ ተነቅለዋል። ባለጉዳዮቹ የተከሉት ግን ዛሬም አለ።